የአንዲት እናት ሳህን

ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ገብቼ ተናድጄ ወጣሁ። ያናደደኝ ሳህን ነው። እመጣበታለሁ።

የእህቴ ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ለአገልግሎት ወደ ፎገራ ወርዳ፣ እንቦጭ ሲነቅሉ ሁለት ቀን ሰንብተው መመለሳቸው ነው። እሰይ! እኔም በ2010 ዓ.ም. ወገቤን እስኪይዘኝ ነቅያለሁ። እንቦጭ ነቅለህ ዳር ላይ አውጥተህ ካላደረቅከው ከቁራጩ ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ለዓመታት ይጠብቅሃል። ከእኔ በቀር እንዲህ ያለ ቂመኛ አላየሁም።

ልጅቷ አቦሉ ሳይቀዳ ጀመረች። ከወረታ ወደ ጣና ሐይቅ ሲታጠፉ መኪናቸውን ዋልካ ዋጠው፤ መሸ።

"አንዲት እናት መጡና 'ግቡ' አሉን። አስራ አንድ ነን እኮ ጋሼ! የራሳቸውን ልጆች ጎረቤት ልከው እኛን ሰሌን ላይ አስተኙን። ያ ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ… ጠዋት ደግሞ ስንቅ ቋጠሩልን። እመቤቴን! ያን ሌሊት እግዚአብሔርን አየሁት።"

አመንኳት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ስማቸው ማነው?" አልኳት።

"የማን?"

"የሴትዮዋ።"

"አንዲት እናት ናቸው አልኩህ እኮ!"

አስራ አንድ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አድሮ፣ ስም የጠየቀ አንድ የለም። ፎቶ ግን አለ። እሱም ላይ ሴትዮዋ የሉም፤ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሥላሴን ሲቀበል መጽሐፉ የሣራን ስም ጠቅሷል፤ የቦካውን ዱቄት ሳይቀር "ሦስት መስፈሪያ" ብሎ መዝግቧል። ከነዚህ ልጆች አንዱ ዘፍጥረትን ቢጽፈው ኖሮ "አንድ አባት ነበሩ፣ በጣም የዋህ" ብሎ ወደ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ባለፈ።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋናችንም አለበት። "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ምን ማለት ነው? እኔ አልሰጥም፣ ዕዳው ወደ እሱ ይዙር ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አንድ ጎረቤቴ "ለቅሶ ደርሼ ልመልስልህ" ብሎ ዣንጥላዬን ወሰደ። እጀታው የእንጨት፣ ጨርቁ ጥቁር፣ አንዲት ዘንግ ያልጎደለችው ዣንጥላ! ለቅሶው እስካሁን አላለቀም መሰለኝ። በየበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያገኘኝ ደረቱን ይዞ "ያኔ ለዋልክልኝ እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል። እግዜር የወሰደው ዣንጥላ የለም! የወሰድከው አንተ ነህ! በየክረምቱ ዝናብ በመታኝ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ዝናብ አይሰስትም።

"አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ስለሚረዝም በእግር ለሚሻገር ሰው ተረቱን ሦስት ጊዜ ለማላመጥ ይበቃዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ማደሪያ ማጣቱ አይደለም። ግልገል አባይ ጣናን ያህል ቤት ገብቶ፣ ከውሃው ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ለባለሙያ ትቻለሁ። ከሆነ ግን እንዴት ያለ እንግዳ ነው! ባለቤቱን ሳይተዋወቅ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ። ጣና ስሙ ባይታወቅ ኖሮ አባይ "አንዲት ሐይቅ አሳደረችኝ" ባለ ነበር።

ሳህኑ!

ቶናው ላይ ልጅቷ ፈንዲሻ ይዛ መጣች። ሳህኑ የእህቴ አይደለም። ነጭ የብረት ሳህን ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ፣ አንድ ጎኑ ተልጦ ጥቁሩ የሚታይ። ፈንዲሻውን ሰፌድ ላይ አስገልብጬ ሥሩን ባየው በቀይ የጥፍር ቀለም "መ" ተጽፎበታል።

"ስንቁ የመጣበት ነው" አለች፣ ድምጿ ቀነስ ብሎ።

"በይ እንግዲህ። መሰሉ? መንበረ? መሠረት?"

እህቴ ሳህኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። "የሰው ስም አይመስለኝም። የመድኃኔዓለም ማኅበር ይሆናል፤ የእኛም እኮ እንዲህ ነው ምልክቱ።"

ይህ ደግሞ ባሰ። የማኅበር ሳህን ከሆነ ሴትዮዋ ይሄኔ በማኅበሩ መሪ በሙሴው ፊት አንድ ሳህን ጎድሎባቸው እየተጠየቁ ነው። ምን ይሉ ይሆን? "አስራ አንድ ልጆች ነበሩ" ይላሉ። "ስማቸውስ?" ይሏቸዋል።

ቅዳሜ ይዘነው እንሂድ አልኩ። እናታችን ሳህን ባዶውን አይመለስም ትል ስለነበር ምን እንሙላበት በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን፤ እህቴ ቡና አለች፣ እኔ ስኳር። ከዚያ ልጅቷ ኅዳር የሩዝ አጨዳ ስለሆነ ቤት ሰው አይገኝም አለች። ልክ ናት። ከአጨዳው በኋላ ይሁን ተባባልን።

ሳህኑ ለጊዜው ፈንዲሻ ይዟል።