በምርጫ ተሸንፈን ለቅሶ ቀረን

የደሴ ሰዎች፣ በተለይ የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ደስ አይላችሁም። ደስ እንዲላችሁም አልጻፍኩትም።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሚያወራው ግን የለም። ቡና ላይ ሊነሳ ሲል አንዱ "እሱን ተዉት" ይላል፤ ይተዋል። እኔ መተው አቃተኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ነበር፤ ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ። ከንጋት ጀምሮ ተሰለፍን። ሽማግሌው ከዘራውን ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ጎረምሳው ስልኩን እየነካካ። ጣታችንን ቀለም አስነክተን ወጣን። በጣቢያችን መዝገቡን ይዛ ስም ስታመሳክር የዋለችው ልጆቻችሁን ፊደል ያስቆጠረች መምህርት ናት። ስሟን አልጠራም። የፓርቲ አባል አይደለችም። ምርጫ አስፈጻሚ የሆነችውም ለዚህ ነው፤ ሕጉ የሚፈልገው ገለልተኛ ሰው ነውና።

ቆጠራው ሌሊቱን ፈጀ። ሳጥኑ የተከፈተው የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት ነው። እያንዳንዱ ወረቀት እየተነሳ፣ ለሁሉም እየታየ ተቆጠረ። ሲያልቅ ውጤቱ ቅጹ ላይ ሰፈረ። አስፈጻሚዎቹ ፈረሙ፣ ወኪሎቹም ፈረሙ። አንዱ ቅጂ በር ላይ ተለጠፈ። የለጠፈችው እሷ ናት። በቃ፣ ወንጀሏ ይኸው ነው።

ጠዋት ሄደን አነበብን። የሰፈሩ ሰው በአፉ ሙሉ "የኛ ነው" ሲለው የከረመው ዕጩ ተሸንፏል። የትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልናገርም። ብናገር ግማሻችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ፣ ግማሻችሁ ታጨበጭባላችሁ። ሁለቱንም አልፈልግም።

ከዚያ አንዱ "ሰረቀችን" አለ። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እስከ ቀትር ወሬው ክንፍ አውጥቶ ነበር። ኮንዶሚኒየም ቃል ተገብቶላታል ተባለ። ባሏ ሊሾም ነው ተባለ። ባል የላትም እኮ! ይህን የማያውቅ ሰው የሰፈሩ ሰው አይደለም። ግን ማንም "ባል የላትም" አላለም። ያን ማታ የቤቷ ቆርቆሮ በድንጋይ ተደበደበ። አሮጊት እናቷ ውስጥ ነበሩ።

አሁን የምነግራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። የተሸናፊው ፓርቲ ወኪል። ቆጠራውን አብሯት ያደረ፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ አብሯት የጠጣ፣ ቅጹን አንብቦ የፈረመ። ሕዝቡ በሩ ላይ ሆኖ "ሌባ!" ሲል እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር። የራሱ ፊርማ ከጀርባው ተለጥፏል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ "አብሬ ቆጥሬያለሁ፣ ትክክል ነው።" ይህን አላለም። ትክክል አይደለም የሚልም ከሆነ እዚያው ጣቢያ አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችል ነበር፤ እስከ ምርጫ ቦርዱና እስከ ፍርድ ቤት የሚሄድ መንገድ አለ። ያንንም አላደረገም። ዝም አለ።

ነሐሴ ላይ እናቷ ሞቱ።

እኚህን ሴት የማያውቅ የለም። ስንቱን አራስ አርሰዋል፣ የስንቱን ሠርግ ዳቦ ደፍተዋል። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ጥሩምባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነፋ። እንደ ወጉ ቢሆን ከፀሐይ በፊት በራቸው ላይ መቆሚያ አይገኝም ነበር። ጀናዛ ለመሸከም እኮ እንጋፋለን። አጅር አለው፤ ከአላህ ዘንድ ምንዳ። አንዱ አምስት እርምጃ ሳይሄድ ሌላው "አምጣ" ይለዋል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ እስከ መቃብር ይሄዳል። ወሎ ነን ብለን ደረታችንን የምንነፋው በምን ሆነና?

የዚያን ቀን ቃሬዛውን ያነሱት አራት ናቸው። ሁለት የአክስት ልጆች፣ ባጃጁን መንገድ ዳር ያቆመ ልጅ፣ እና አንድ ጡረተኛ ክርስቲያን ጎረቤት። ጡረተኛው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዳገቱን ታውቁታላችሁ። የነሐሴ ጭቃ ያንሸራትታል። የሚቀበል የለም። ደክሟቸው ቃሬዛውን መንገድ ላይ እያስቀመጡ ያርፉ ነበር። እኔ ሥራ ቦታዬ ተደውሎልኝ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ስደርስ ሦስተኛው እረፍት ላይ ነበሩ። ጡረተኛውን ተቀበልኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በዕድሜዬ ጀናዛ ሰው አጥቶ መንገድ ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።

ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ በረንዳ ብዙ ጎረምሳ ቆሞ ያየናል። ትከሻቸው እንደ በሬ። አንዳንዱ ጫቱን እየቀነጠሰ። መሐላቸው እሱ፣ ወኪሉ።

መስጊድ ስንደርስ ነገሩን የማያውቅ ሰጋጅ ተቀበለን። ሰገደላቸው፣ ተሸክሞ ወስዶ ቀበራቸው። አላህ ይስጠው። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ነው ያሳፈረን።

ድንኳኑ ተተክሏል። ቅሬው ደንቡን ጠብቋል፤ ወንበሩም ሰሃኑም መጥቷል። ያልመጣው ሰው ነው። ሦስት ቀን ወንበሩ እንደተደራረበ ዋለ። ከመጡት ሴቶች አንዷ በር ላይ ጮክ ብላ "እኔ የመጣሁት ለእናትየዋ ነው" አለች። ለማን እንደምታሰማ ገብቶናል። መምህርቷ ሰማች። ቀና ብላ አየቻትና "እንኳን መጣሽ" አለቻት። ሌላ ምንም አላለችም።

ይህን እዚህ ላይ ልተወው አስቤ ነበር። ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። በዚያው ሳምንት እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? ከራያ ቆቦ በኩል ከጦርነት የሸሹ ሰዎች የከተማችንን ትምህርት ቤቶች ሞልተው ነበር። እናንተ እንጀራ እየጋገራችሁ፣ ብርድ ልብስ ከራሳችሁ አልጋ እየገፈፋችሁ ትወስዱ ነበር። አይቻለሁ። ያው በረንዳ ላይ የቆሙት ጎረምሶች ጠዋት የዱቄት ጆንያ ሲያራግፉ አይቻለሁ። ስሙን እንኳ የማታውቁትን ሰው አልቅሳችሁ ተቀበላችሁ። ከአጥራችሁ ማዶ ያለችውን ግን እናቷን ብቻዋን አስቀበራችኋት። ክፉ ሰዎች ብትሆኑ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ደግ መሆናችሁ ነው የሚያናድደኝ።

"በዚህ አገር ምርጫ መቼ ታምኖ ያውቃል?" የሚለኝ ሰው አለ። ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ እስከ ሌሊት ተሰልፎ መረጠ። ቀጥሎ የመጣው ጥይት ነበር፤ በሰኔ እና በ1998 ጥቅምት የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ደርሶበታል። በ2002 ከ547 መቀመጫ ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰው አንድ ነው። በ2007 እሱም ጠፋ። በ2013 ደግሞ ከ436 መቀመጫ ገዢው ፓርቲ 410ሩን መውሰዱን ቦርዱ ሐምሌ 3 ቀን አስታወቀ። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። የተጠራጠረ ሰው ግን ቅጹን ያነባል፣ ወኪሉን ይጠይቃል፣ አቤት ይላል። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ንዴታችሁ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድበት አቅም አጣ። ክልል ድረስም አልሄደም። ወርዶ ወርዶ አንዲት የመንግሥት መምህርት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ለምን? ቅርብ ስለሆነች። ወንድም ስለሌላት። ስለማትመልስ።

ደግሞ ስሙኝ። "በዙሪያዬ ያለው ሁሉ እሱን ነው የመረጠው፣ ታዲያ እንዴት ተሸነፈ?" ትላላችሁ። እኔም ያን ሰሞን ይህን እልፍ ጊዜ ሰምቻለሁ። በሕጋችን በአንድ የምርጫ ክልል በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ መቀመጫውን ይወስዳል፤ አርባ ከመቶ ያገኘ ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል። ያ አርባ ከመቶ በሙሉ ያንተ ሰፈር ሰው ቢሆን አገሩ ሁሉ ያንተ ይመስልሃል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው የባሰ ነው። ጎረቤትህ ሌላውን መርጦ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምን ብሎ ይንገርህ? ቆርቆሮው እንዲደበደብ? አስፈራርተን አፉን ያዘጋነው ሰው ሁሉ ከኛ ጋር የቆመ መሰለን። ድምፅ መስጫው ክፍል ገብቶ ብቻውን ሲሆን የልቡን አደረገ። መሸነፋችንን ቀድመን ያልሰማነው ለዚህ ነው።

አሸናፊዎቹም ጨዋ አልነበሩም። የሰፈር ደጋፊዎቻቸው ማታ ማታ በመኪና ጡሩምባ አሰለቹን። የነሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም፤ ይህም አያጽናናኝም። ኬንያ በ2000 ዓ.ም. ከምርጫ በኋላ ከሺህ በላይ ሰው ቀበረች። በዚያው በ2013፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አሜሪካኖቹ የገዛ ምክር ቤታቸውን መስኮት ሲሰብሩ በቴሌቪዥን አይተን ስቀናል። በ2016 ደግሞ የኳሱ ሰው ጆርጅ ዊሃ ላይቤሪያ ውስጥ ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት ተሸንፎ፣ ቆጠራው ገና ሳያልቅ ለአሸናፊው ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው እንዲህ ያደረገው። ቤተ መንግሥት የሚለቅ ሰው ከቻለው፣ ምንም የማንለቅ እኛ ምን ከበደን?

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። የቻለ ሁሉ ልጁን ይዞ ሐረጎን እየወረደ ሸሸ፤ ማን ማንን መረጠ ብሎ የጠየቀ የለም። ተመልሰን ስንመጣ የተዘረፈው፣ የተሰበረው፣ የሞተው ብዙ ነበር። የሷ ነገር ከዚያ ሥር ተቀበረ። "ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ይህን ታነሳለህ?" ይሉኛል። አነሳለሁ። ጦርነቱን እኛ አላመጣነውም። ይህን ግን በገዛ እጃችን ሠርተነዋል።

ወኪሉን አንድ ቀን ሻይ ቤት አግኝቼ ጠየቅሁት። አልካደም። "ሰዉ ተናዶ ነበር ጋሼ። ብናገር ወደ እኔ ይዞር ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይዞርበት ነበር። ለዚህ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። የተሳሳተ ሰው ቢሆን ይታለፋል። እሱ ግን ያውቅ ነበር። ወደ እሱ እንዳይዞር ወደ እሷ ሲዞር ቆሞ አየ። ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ቤቷ የት እንደሆነ ታውቃለህ። እኔን እንዳስታርቅህ አትላከኝ። ራስህ ሂድ።

እሷ አሁንም ታስተምራለች። የደብዳቢዎቿ ታናናሽ ወንድሞች ክፍሏ ውስጥ ናቸው። አንዱን በውጤቱ አጉድላበት አታውቅም። ለሌላ ምርጫ ብትጠራ ትሠራ እንደሆነ ጠይቄያት "እናቴ የለችም፣ አሁን ማንን ይደበድቡብኛል?" አለችኝ። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ባለፈው የቅሬው ስብሰባ ላይ ደንቡ ውስጥ አንድ መስመር ይግባ ብዬ ነበር፦ በምርጫ ወይም በፓርቲ ምክንያት ለቅሶ የቀረ አባል ያለ ምክንያት እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ሌላ አልጨመርኩም። አንዱ "ፖለቲካ አታስገባብን" አለ። አንዱ ሰዓቱን አየ። የቅሬው ዳኛ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፉት። ለሱ ስብሰባ ሲደርስ ደግሞ ዝናብ ነው ተብሎ ሰው አልሞላም።

ደክሞኛል፣ አልዋሻችሁም። ግን በሚቀጥለው ደግሞ አነሳዋለሁ። ከሰፈሩ ጎረምሶች ሁለቱ መጥተው "እኛ እንደግፍሃለን" ብለውኛል፤ ከበረንዳው ነበሩ። እናንተም ኑ። ካልተስማማችሁ ተቃውማችሁ እጅ አውጡ፣ እቆጥራለሁ። ከተሸነፍኩም ወንበሩን አብሬያችሁ እሰበስባለሁ።