በደጄ የተከልኩት ጥድ የማን ነው?

ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደ ሆለታ መውጫ እኛ ሰፈር በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ተነስቶ «ሀገር በቀል ዛፍ በግል ግቢም ቢሆን ያለፈቃድ አይቆረጥም፣ ቁጥጥሩ ገና ይጠናከራል፣ ገበሬው ጥድና ዝግባ መትከል አይወድም፣ ባህር ዛፍ ብቻ ነው የሚያየው» አለ። ደሜ ፈላ።

አይወድም? ባይወድ ነው እንዴ የቤተክርስቲያን ግቢው ሁሉ በጥድ የተሞላው? ድሮ ቤት ሲሰራ ቋሚው ጥድ የሚሆነው ምስጥ ስለማይደፍረው ነው፣ አናጺ ጠይቁ። ገበሬው የሚሸሸው ዛፉን ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

አስቡት እስቲ፣ ባህር ዛፍ ከተከልክ በአምስት ስድስት ዓመት አጣናህን ቆርጠህ ትሸጣለህ፣ ጉቶው ራሱ ያቆጠቁጥልሃል። ጥድ ግን ጣውላ እስኪወጣው የልጅ ልጅህን ይጠብቃል፣ እሱ ደግሞ ሲደርስለት ለመቁረጥ ማመልከቻ፣ ለመጫን ይለፍ፣ ኬላ ላይ «ከየት አመጣኸው»። ታዲያ ማን ይትከል?

እናቴ ግቢ ያለውን ጥድ አባቴ ነው በእጁ የተከለው። አምና ክረምት ንፋስ ወደ ኩሽናው አዘመመው፣ ፈቃድ ስንጠይቅ «ኮሚቴ መጥቶ ይየው» ተባልን፣ ኮሚቴው ሳይመጣ ዛፉ በሌሊት ወድቆ የኩሽናውን ቆርቆሮ ጨፈለቀው። ግንዱ ዛሬም ዝናብ እየመታው ግቢ ውስጥ ተጋድሟል፣ መሰንጠቂያ ለማድረስ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋላ! ጎረቤታችን ይሄን አይቶ በአጥሩ ስር ያሳደጋቸውን የጥድ ችግኞች ነቅሎ ባህር ዛፍ ተከለበት። ቁጥጥሩ ያተረፈው ይሄን ነው።

መናገሻ ያለው የመንግስት ደን፣ ሱባ፣ ይነካ እያልኩ አይደለም። ከዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ታሪክ ያለው ደን ነው፣ እዛ መጥረቢያ ይዞ የገባ ይታሰር። ግን ከተማው ጣውላ መፈለጉን አያቆምም፣ እኛ ካልተከልንለት ዓይኑን የሚጥለው እዛው ሱባ ላይ ነው። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የግል ደንን ያውቃል፣ ቆርጠህ የማትጠቀምበት ነገር ታዲያ በምን ሂሳብ የግል ይባላል?

ሌባ የመንግስት ደን ግንድ ቆርጦ «የግቢዬ ነው» ሊል ይችላል፣ እሺ። ሲተከል ይመዝገባ! ቀበሌው ፍየል እንኳን ይቆጥር የለ እንዴ።

ስብሰባው ላይ ይሄን ስናገር «በጽሁፍ አቅርብ» ተባልኩ። ይኸው።