ዛፉ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዝ

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኋላ እንዳንጣላ ቀድሜ ልናገር። ግን ጀርመን አገር፣ አይፍል ተራሮች ውስጥ ያለውን የኑርቡርግሪንግ የመኪና ውድድር መንገድ፣ የሰሜን ዙሩን፣ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣዋለሁ። የተማርኩትም ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ጌም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

የገባሁት ዝናብ ለማሳለፍ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ፊፋ ላይ ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንድ ስክሪን ግራን ቱሪሞ የሚባል የመኪና ውድድር ጌም ከፍቶ ያለ ሰው ቆሟል። «እሱን ማንም አይነካውም» አለኝ ባለቤቱ። አያት የሞተችበት ክፍል ያሳየኝ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔ ነካሁት፤ የወጣልኝም ይኸው የሰሜን ዙር ነው። ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ በሉት፤ ትንሽ ቢጎድለው ነው። 73 ኩርባ አለው። ከታች እስከ ላይ 300 ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። የተከፈተው በ1927 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጃኪ ስቱዋርት የሚባለው ስኮትላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎታል። ሌላው ተወዳዳሪ ኒኪ ላውዳ በ1976 እዚያ በእሳት ተለብልቦ ለጥቂት ተረፈ፤ ትልቁ የመኪና ውድድር ፎርሙላ ዋንም ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ዙር አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ቀን ያወቅሁት ሦስተኛው ኩርባ ላይ አጥር መኖሩን ብቻ ነው።

ባለቤቱ ሂሳቡ ግራ ገባው። ፊፋ የሚከፈለው በጌም ነው። የኔ ጌም መቼ ነው የሚያልቀው? በደህና መኪና ጎበዝ ሰው ዙሩን በ7 ወይ በ8 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኔ ግማሹ ላይ ሩብ ሰዓት ይሞላኛል። «በግጭት ላስከፍልህ?» አለኝ። ተስማምቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፎቅ ይሠራ ነበር።

መቼስ ጎንደር ላይ ብቻህን የምትማረው ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ ጉባኤ ቆመ። «ፍሬን!» «ኧረ ልቀቀው!» «ማርሽ ቀንስ!» ከበቅሎ ሌላ ነድቶ የማያውቅ ሁሉ መሪ አያያዜን ተቸ። አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ዣንጥላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «እኔ ሊማሊሞን በጭጋግ፣ እህል ጭኜ ነው የወረድኩት። አንተ በጣትህ እየነዳህ ገደል ትገባለህ?» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ደግነቱ ስድብ ብቻ አልነበረም። «ልጄ፣ የገባህበትን ኩርባ ተወው፤ የሚቀጥለውን እያሰብክ ግባ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የሚረባው ይቺ ብቻ ናት።

ዋናው አስተማሪዬ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቦርሳውን እንዳዘለ ጎኔ ይቀመጣል። ጆይስቲኩ በፕላስተር ታስሯል፤ ግራ ግራ ይጎትታል። ልጁ «እሱን እንደ አመለኛ አህያ ቀኝ ቀኝ ያዘው» አለኝ፤ ሠራ። ከዚያ ኩርባውን ያስጠናኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ዛፉ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዝ።»

«የቱ ዛፍ?»

«ያ ዛፍ!»

አይፍል ከዳር እስከ ዳር ጫካ ነው። ግን አልፈረድኩበትም። እኛ ከተማ መንገድ ብትጠይቅ «ከዋርካው ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይሉሃል። ዋርካው ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ! አገሬው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ይታጠፋል። እኔም እንደዚያው ለመድኩት። ዛፉን ሳላየው ጣቴ ፍሬኑ ላይ መሄድ ጀመረ።

ካሩሰል የሚባለው ኩርባ ግን ሳምንት በላኝ። ጠርዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቦረቦረ ኮንክሪት ነው። እሱን እየሸሸሁ ሁልጊዜ አጥሩ ላይ እለጠፋለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የገባ የባጃጅ ሹፌር አየኝና፣ «ቦዩ ውስጥ ግባ እንጂ!» አለ። በውስጥ በኩል ያሉትን ጎማዎች ቦዩ ውስጥ ከተትኩ። መኪናዋ እየተንገጫገጨች፣ ግን ሀዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ዞራ ወጣች። ለካ ጥንትም ካራቾላ የሚባል ጀርመናዊ የመኪና ተወዳዳሪ እዚያች ቦይ ውስጥ ጎማውን ከትቶ ነው ሰውን ጉድ ያሰኘው። ኩርባዋ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። የኛው ባጃጅ ነጂ በስሙ የተጠራ ነገር የለውም፤ ቅጣት ወረቀት ላይ ካልሆነ።

አንድ ሐሙስ ዙሩን ሳልጋጭ ጨረስኩ። 9 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። ፊፋ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ጌማቸውን አቁመው አዩኝ። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ፣ «መኪናው ጥሩ ስለሆነ ነው» አለ። ሁሉም ተስማማ።

ኮራ ብዬ ወጣሁና ወደ አዘዞ ባጃጅ ያዝኩ። ነጂው ያ የቦዩ ሰውዬ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ሰጠ። ኩርባው መጣ። ጣቴ ሱሪዬ ላይ ፍሬን መጫን ያዘ። ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ።

በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ዛፉ ጋ መቼ ደረስን?»