ለክሊራንስ የሚያመለክቱ ልጆቻችንን «ደብቅ» አንበላቸው

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚያድጉ ልጆቻችን ማሪዋና ለአዋቂዎች በተፈቀደበት አካባቢ ይኖራሉ፤ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ በ2023 ሕጋዊ አድርገውታል። ከእነዚሁ ልጆች መካከል ኮምፒውተር ተምረው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወይም በተቋራጮቹ ዘንድ ሥራ የሚፈልጉት ጥቂት አይደሉም። ሥራው የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚያስችል ፈቃድ፣ በተለምዶ ክሊራንስ የምንለውን ይጠይቃል፤ ክሊራንስ ደግሞ የሚመዘነው በግዛት ሕግ ሳይሆን ማሪዋናን ከ1970 ጀምሮ በከለከለው የፌዴራል ሕግ ነው። የሐኪም ማዘዣ መያዝም ይህን አይለውጠውም።

በ2008 የወጣ ሕግ ዕፅ በመጠቀም ላይ ለሚገኝ ሰው ክሊራንስ መስጠትንም ሆነ ማደስን ይከለክላል። ያለፈው ግን በሌላ ዓይን ይታያል። የብሔራዊ ደኅንነት መረጃ ዳይሬክተር የነበሩት አቭሪል ሄይንስ በ2021 መጨረሻ ባወጡት መመሪያ፣ የቀድሞ አጠቃቀም ከግምት የሚገባ ቢሆንም ብቻውን ውሳኔ እንደማይሰጥበት አስታውቀዋል። ስለዚህ በኮሌጅ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ የተወ ወጣት፣ መተዉን ካሳየና ዳግም እንደማይነካው በፊርማው ካረጋገጠ በሩ አልተዘጋበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ በየቤቱ የሚሰጠው ምክር ነው። ወላጅ ልጁ «ሐሺሽ» ቀምሶ እንደነበር ሲሰማ በቅድሚያ የሚያስበው ገመናን መሸፈን ነው፤ «አልነካሁም በል፣ ማን ያያል?» ይለዋል። ስለ ራስ ለመንግሥት ጽፎ መስጠት ጦስ ከሚያመጣበት ሁኔታ ለመጣ ሰው ይህ ፍርሃት እንግዳ አይደለም፤ እኔም በሚገባ እረዳዋለሁ። እዚህ ግን ልጁን የሚጎዳው ይኸው ምክር ነው። ክሊራንስ አመልካች የሚሞላው ቅጽ 86 (SF-86) ስለ ዕፅ አጠቃቀም ያለፉትን ሰባት ዓመታት ይጠይቃል፤ መርማሪዎችም ጎረቤትን፣ ጓደኛንና አብሮ የኖረን ሰው ያነጋግራሉ። ሆን ብሎ በቅጹ ላይ መዋሸት እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው፤ ክስ ባይመሠረት እንኳ በአመልካቹ ታማኝነት ላይ የሚያሳድረው ጥርጣሬ ከዕፁ ይልቅ ይከብዳል። በአንጻሩ ስለ ዕፅ አጠቃቀም በቅጹ ላይ የተሰጠ እውነተኛ መልስ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብ ቅጹ ራሱ ይገልጻል። ወላጆች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነቡት ምክራቸው ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ገና ዜግነት ያላገኙት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ክሊራንስ በመሠረቱ የሚሰጠው ለዜጎች ነው፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ግዛቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል ይችላል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወጣት ግዛቱ ፈቅዷል ብሎ ማሪዋና መንካት የለበትም፤ ቀድሞ ተጠቅሞ ከሆነም የዜግነት ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።