ሰርተፍኬቱ ገደለኝ!

ሌሊት 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ድረ ገጽህ አደገኛ ነው ይላል!» እንዴት? ትናንት እኮ ነው ሰርተፍኬቱን፣ ያችን የድረ ገጼን እውነተኛነት ለብሮውዘር የምትመሰክረውን ፋይል፣ የጫንኩት! በእኔ ብሮውዘር ሰላም ነው፤ በሰውዬው ስልክ እሳት። ለካ መካከለኛው ሰርተፍኬት፣ የእኔን ብሮውዘሩ ከሚያምነው ዋና ሰርተፍኬት ጋር የሚያያይዘው፣ አልገባም። ማን ነገረኝ? ሆስቲንግ ሰጪዎቹ (ድረ ገጼን የሚያስቀምጡልኝ) ሦስት ባዶ ሳጥን ደቅነው «ለጥፍ» ይሉሃል። የቱን የት? በሚለጠፈው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ካለው «ቢጊን ሰርተፍኬት» ፊትና ኋላ አምስት አምስት ሰረዝ አለ። አንዷ ትጉደልና እይ! «ልክ አይደለም» ይልሃል፤ ምኑ እንደሆነ ግን ምስጢር ነው። ሆስቲንግ ሰጪዎቹን ጠየቅኩ። «ካሽ አጽዳ» አሉኝ፤ ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ቅጂ ማለታቸው ነው። አጸዳሁ። ብስጭቱ ሲብስብኝ ቤቱንም አጸዳሁ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነጻ የሚሰጠው ሰርተፍኬት ደግሞ ዕድሜው 90 ቀን ነው። «በራሱ ይታደሳል» አሉ። አዎ፣ የኔ ብሶት በራሱ ይታደሳል! ለምን አልታደሰም ብዬ ብጽፍላቸው ምን ላኩልኝ? የሚሸጡትን ሰርተፍኬት የዋጋ ዝርዝር።