ሰው ተኝቶበታል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አስቀድሜ የሆነውን ላውራ።

ባለፈው ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሚኒባስ ተኮናትረን ጢያ ሄድን። በቡታጅራ መንገድ፣ መልካ ቁንጡሬን አልፎ፣ ቡኢ ሳይደርሱ ያለች ትንሽ የሶዶ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር አትሞላም። (ክትፎ ፍለጋ ስንቴ አልፈናታል!) 36 ሐውልቶች በአንድ አጥር ውስጥ ቆመዋል፤ 32ቱ ሰይፍ፣ ክብ፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስል ነገር ተቀርጾባቸዋል። ያገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸው ግን ከግራኝም ይበልጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነዋል።

አንዱ ጓደኛችን ሐውልት ተደግፎ ፎቶ ሊነሳ ፈለገ። ሰይፉ አልጎላ አለው፤ የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። የመኪና ቁልፉን አወጣና ጠርዙን ይፍቀው ጀመር። ቅርር፣ ቅርር። ዱቄቱ ጫማው ላይ ይረግፋል።

ጥበቃው ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡ።

«ተው ልጄ፣ ሰው ተኝቶበታል።»

«አይዞዎት አባባ፣ አይሰማቸውም» ብሎ ሳቀ። መቶ ብር ኪሳቸው ሊከት ሞከረ። እጁን ገፉት። ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ቦታ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠረግ ቀስ አድርገው።

እውነታቸውን ነው። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ከሥሩ ያገኙት ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀበሩ ወጣቶችን ነው። የእኛው እኩዮች።

እንዴ፣ ምን ነካን? የአባታችን መቃብር ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢያርፍ ፖሊስ ጣቢያ ነበርን! ለቀብር ብለን ዕድር እንከፍላለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ ሥራ ጥለን እንሄዳለን። እነዚህን ስማቸውን ስላላወቅን ነው የናቅናቸው? ሦስት ሺህ ዘመን እያልን ደረት መንፋቱንማ ማን ብሎን።

እኔስ? ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ትንሽ ወደ ቀኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ማታውኑ ፖስት አደረግኩት፤ ላይኩ ጎረፈ። አንድም ሰው፣ አንድም፣ ያ ነጭ ጭረት ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን አጠፋሁት። ጥግ ላይ የሽማግሌው ከዘራ ጫፍ ገብቶ ነበር፤ እሱን ማየት አቃተኝ።

እባካችሁ አትቅሩ፣ ሂዱ። ትኬት ቁረጡ፣ ከተማዋ ውስጥ ቡና ጠጡ፣ አስጎብኚውን አናግሩ። እጃችሁን ብቻ ሰብስቡ። እንደምትሰሙኝ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔም ቆሜ እያየሁ አልሰማሁም።

ልንወጣ ስንል ሽማግሌው ከኋላ ጠሩን። ሊሰድቡን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ለመስቀል ኑ» አሉ። «እሱም ይምጣ። ቁልፉን እኔ እይዝለታለሁ።»