ሊሾውን አታፍርሱት

ክፍሉን እንዳየሁት ሳቅ አመለጠኝ። ሎስ አንጀለስ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ደነገጠች፤ አልጋውን ከሁለት ወር በፊት ነበር ለእኔ ብላ የያዘችው። «አልወደድኸውም?» አለችኝ። «ኧረ ወድጄዋለሁ። ግን እኮ ይኼ አልቤርጎ ነው!» አልኋት።

ያለነው ፓልም ስፕሪንግስ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ የተቆረቆረች የመዝናኛ ከተማ። ስሟ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የዘንባባ ምንጮች» ማለት ነው። ያረፍንበት ሆቴል ፎቅ የለውም። አሥራ ሁለት ክፍሎች ግቢውን ከበው ተደርድረዋል፤ በሮቹ ሁሉ ወደ በረንዳ ይከፈታሉ፤ መኪናህን ከበርህ ሥር ታቆማለህ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የመንገደኛ ማደሪያ ነበር አሉ። መታጠቢያ ቤቱ ያኔ የተለጠፈው ሮዝ ሴራሚክ አልተነካም፤ ስልኩ በጣት የሚዞር ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ከእንጨት ቁራጭ ጋር ታስሯል። እኛ ዘንድ ያቺ እንጨት የምትንጠለጠለው እንግዳው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እንዳይሄድ ነው፤ እዚያ ጌጥ ሆናለች። ዋጋው ከከተማው ዳር ካለው አዲስና ትልቅ ሆቴል ይበልጣል። ሰው አስቦበት፣ አስቀድሞ ከፍሎ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ሊያድር ይመጣል።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ይኼን አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሩን፤ ጥቂቶቹ አሁንም አሉ። ቀይ ሊሾ ወለል፣ ረጅም በረንዳ፣ መካከል ላይ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ሌሊቱን ክረምቱ የሚደልቀው ቆርቆሮ። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ወደ ምደባ ቦታው የሚሄደው አስተማሪ ሁሉ ያደረው እነዚህ ውስጥ ነው። አሁን ግን ባለቤቶቹ ያፍሩባቸዋል። ገንዘብ ያገኘ ያፈርሳቸዋል፤ ትንሽ ያገኘ ፊታቸውን በመስታወትና በአሉሚኒየም ይሸፍናቸዋል፤ ያላገኘ ዝም ብሎ ያስረጃቸዋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ያለውን አዲስ ፎቅ ቡሬ ካለው ለይቶ የሚነግረኝ ካለ እሰማዋለሁ።

ፓልም ስፕሪንግስም ቢሆን ቤቶቿን ያተረፈቻቸው ገና ከጥንቱ አስተዋይ ሆና አይደለም። ሀብታሙ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ወደ ጎረቤቶቹ አዳዲስ ከተሞች ሲያዘነብል፣ እሷ ለማፍረስም ለመገንባትም አቅም አነሳት። ችግር ጠበቃቸው ማለት ይቻላል። ዛሬ መጤ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት፣ ጣሪያው እንደ ክንፍ ሾሎ የወጣው የከተማዋ የእንግዳ መቀበያ፣ አልበርት ፍሬይና ሮብሰን ቻምበርስ የተባሉ አርክቴክቶች የነደፉት የእ.ኤ.አ. 1965 ነዳጅ ማደያ ነበር፤ ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነው የተረፈው። አሁን በየዓመቱ በየካቲት የዚያን ዘመን ቤቶች ብቻ ለማየት ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል። ቤቶቹን ያቆያቸው ፍቅር ብቻም አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሚልስ አክት የሚባል ሕግ አላት፦ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለው ሰው ቤቱን ሊጠብቅ ከከተማው ጋር ይዋዋላል፣ በምላሹ የንብረት ግብሩ ይቀነስለታል። እኛም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ ቅርስ ሲባል ግን ዓይናችን የሚሄደው ወደ ገዳሙና ወደ ቤተ መንግሥቱ ነው። አልቤርጎን ማን ያስመዘግባል?

የአየሩን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ፓልም ስፕሪንግስ 51 ዲግሪ ደርሳለች። ሰዉ ንዳዱን የሚሸሸው ኬብል ካር ተሳፍሮ፣ ከፍሎ፣ ሳን ሃሲንቶ ተራራ ላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ በመውጣት ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አልፋ በነጻ ተቀምጣለች፤ ጮቄማ ወደ 4,100 ይጠጋል። ውሃውስ? በረሃ መካከል ያለው ያ ሆቴል ቧንቧው ሌሊትም አይቋረጥም። እኔ ደግሞ ከዓባይ ብዙም ባልራቀ ከተማ በበርሜል ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ ታጥቤ አውቃለሁ።

ስለዚህ አሮጌ ሁሉ ይሞገስ አልልም። ቁንጫውን ቅርስ ነው ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ውሃው፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ አንሶላው መስተካከል አለበት፤ መንገዱም ሰላም ካልሆነ የቱም ሆቴል፣ ፎቁም ሊሾውም፣ ባዶውን ያድራል፤ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ይኼን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። የምለው፦ ለአምስት ፎቅ የሚበደረው ገንዘብ ሲሶው እንኳ አሥራ አምስት ክፍል ሙሉ በሙሉ ያድሳል። ጣሪያውን ጠብቆ፣ በረንዳውን ጠብቆ፣ ቧንቧውን ቀይሮ። ከተሞቻችን ደግሞ ደህና የቆመን ቤት ከ«ፎቅ ሥራ» ግዴታ ነጻ ያውጡት፤ ግብሩንም ቢያቀሉለት የሚያጡት ብዙ አይደለም። ባሕር ዳር መንገዷን በዘንባባ ስትሸልም ማንም ዘንባባ አሮጌ ነው አላላትም።

ከተመለስሁ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁልጊዜ የማርፍበት ቤት ሄድሁ። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ነው የያዙት። ቡናቸው እስኪፈላ ስልኬን አውጥቼ የፓልም ስፕሪንግሱን ሆቴል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት፤ በረንዳውን፣ በሮቹን፣ ቁልፉን።

«ስንት ይከፈልበታል?» አሉ። ነገርኋቸው። በብር አስልቼ ስነግራቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው እንደገና አዩት።

«እኔን እኮ ፎቅ ካልሠራሽ ቦታው አይቀርልሽም እያሉኝ ነው» አሉ፣ ስልኩን ሳይመልሱ። «እነዚህን ፎቅ ሥሩ ያላቸው የለም?»

«ብለዋቸው ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ብለው መለሱላቸው?»